የባለሙያ ምላሽ፦ መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ውስጥ ካለች ጀግና ምን ተስፋ እናድርግ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ኤሊየን፡ ኧርዝ የሚለውን ተከታታይ ፊልም ስምንቱንም ክፍል አይቼ ጨረስኩ። የኤሊየን ፊልሞችን ጀግና ሪፕሊን ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳታለሁ። ከእሷ ዘመን በፊት ሌላ ሴት ጀግና ልትመጣ ነው ሲባል ገና ከወሬው ጀምሮ ስጠብቅ ነበር። ዌንዲንም ወደድኳት። ግን ሁለት ነገር ያስጨንቀኛል። አንደኛ፣ ጓደኞቼ ‹ፕሪኩዌል መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ነው፣ ምኑ ያጓጓል?› ይሉኛል። ሁለተኛ፣ ፕሮሜቲየስ በሚለው ሌላ የኤሊየን ፕሪኩዌል ላይ ጀግናዋን ሾውን ወድጄ አምስት ዓመት ጠበቅኩ፤ ምን እንዳደረጓት ያውቃሉ። ዌንዲንስ እንደዚያ ያደርጓት ይሆን? ከእንዲህ ያለ ታሪክ ምን ተስፋ ባደርግ ይሻለኛል?»

ምላሽ፦

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ የምተዳደረው ሰዎች የጻፉትን የፊልምና የድራማ ጽሑፍ በማረም ነው። ከሚመጡልኝ ውስጥ «የእገሊት የወጣትነት ዘመን» የሚል ጽሑፍ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ የጠየቅሽኝ ነገር የየዕለት ሥራዬ ነው። ሾውንም እንዳንቺው ወድጃት ነበር።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ልበል። የፊልሞቹን ዓመት የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የታሪኮቹን መጨረሻም እናገራለሁ፤ ፊልሞቹን ያላየ ሰው አይቶ ቢመለስ ይሻለዋል።

ከጓደኞችሽ ልነሳ። ፕሪኩዌል ቀድመን ካየነው ፊልም በፊት የሆነውን የሚተርክ ነው። መጨረሻው የታወቀ ነው ማለታቸው ልክ ነው። «ስለዚህ አያጓጓም» የሚለው ነው ልክ ያልሆነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን እንደጠጡ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የት አለ? ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ሲጽፉ አንባቢው መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት ሲያመጣውም እንደዚያው። ሰው ግን አነበበ፣ ተመለከተ፣ አለቀሰ። ያነበበው «ምን ይመጣ ይሆን?» ብሎ አልነበረም። «እዚያ እስኪደርስ ምን ምን አጣ? የት ላይ ቢመለስ ይተርፍ ነበር?» እያለ ነው። መጨረሻውን ስለምናውቅ ተዋበች አጠገቡ ተቀምጣ ስትስቅ እንኳ ሆዳችን ይባባል። ያንን ሳቅ የሚያከብድብን ማወቃችን ነው።

አሁን ወደ ሳይንስ ፊክሽኑ ልምጣ። ከዚህ መንደር ለእኔ የሚበልጠው ምሳሌ ፉሪዮሳ ናት፤ ትንሽ ልቆይባት።

በ2015 በወጣው ማድ ማክስ፡ ፊውሪ ሮድ ሻርሊዝ ቴሮን የተጫወተቻት ፉሪዮሳ ግራ እጇ የለም። በምትኩ ከብረት የተሠራ እጅ ታጥቃለች። እጇን ምን እንደነካው ፊልሙ አንድም ቃል አይናገርም። ታሪኩ ሦስት ቀን ገደማ ውስጥ የሚያልቅ ሩጫ ስለሆነ ቆሞ ለማውራት ጊዜም የለው። ስለዚህ አድናቂው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «እጇ እንዴት ተቆረጠ?» ሲል ኖረ።

በ2024 ፉሪዮሳ የተባለው ፕሪኩዌል ሲመጣ ያቺ ልጅ እጇን እንደምታጣ ቲኬት የቆረጠ ሁሉ ያውቃል። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ይህንን ማወቃችንን ተጠቀመበት። ልጅቷ ከተወለደችበት ለምለም ስፍራ ተጠልፋ ትወሰዳለች። እናቷን ሲገድሏት ታያለች። ወደ ቤቷ የሚመልሳትን መንገድ እንዳትረሳ የከዋክብቱን ካርታ ሰውነቷ ላይ ትነቀሳለች። የት ላይ? ግራ እጇ ላይ።

እዚህ ጋ ቆም ብለሽ አስቢው። እሷ ካርታውን ደህና ቦታ ያስቀመጠች መስሏታል። ወረቀት ይቀደዳል፣ ይሰረቃል፤ ንቅሳት ግን ከሰውነት አይለቅም ብላ ነው። እኛ ደግሞ ያ እጅ እንደማይቆይ እናውቃለን። ከዚያ በኋላ እጅጌዋን በሰበሰበች ቁጥር፣ ክንዷን ባየን ቁጥር ልባችን ይሰጋል። ለዚህ ስጋት ሙዚቃ እንኳ አያስፈልግም። በኋላ ጠላቷ በዚያው እጇ በሰንሰለት አንጠልጥሎ ያሰቃያታል። እሷም እጇን እዚያው ትታ ታመልጣለች። ሕይወቷን ለማትረፍ የቤቷን መንገድ ቆርጣ ጣለች ማለት ነው።

ከዚያ የ2015ቱን ፊልም እንደገና ክፈቺው። ፉሪዮሳ ሴቶቹን ይዛ ያንን ለምለም ስፍራ ፍለጋ በረሃውን ታቋርጣለች። ደርሳ ስትጠይቅ፣ ሌሊት አልፈውት የመጡት መርዛም ረግረግ እሱ ራሱ እንደነበር አሮጊቶቹ ይነግሯታል። የብረት እጇን ፈትታ አሸዋው ላይ ተንበርክካ ትጮኻለች። በ2015 ያንን ጩኸት ስሰማ አዝኜላት ነበር። ከ2024 በኋላ ሳየው ግን ዓይኔ የሄደው ባዶው ክንዷ ላይ ነው። ካርታው የነበረው እዚያ ነበር። አንድም ምስል ሳይነካ የድሮው ፊልም ተለወጠብኝ።

አድናቂው የጠየቀው «እጇ እንዴት ተቆረጠ?» ነበር። ፊልሙ የመለሰለት «እጇ ላይ ምን ነበር?» የሚለውን ነው። እህቴ፣ የምነግርሽ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ከፕሪኩዌል ተስፋ የምታደርጊው ያልተመለሰ ጥያቄ እንዲመለስልሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ ታዝኛለሽ፤ መልሱ ሁልጊዜ ከጠበቅሽው ያንሳልና። ጀግናዋ የከፈለችውን ዋጋ እንዲያሳዩሽ ተስፋ አድርጊ። ዋጋ ደግሞ የሚኖረው የራሷ የሆነ፣ በድሮው ፊልም ያልተነገረን ፍላጎት ሲኖራት ነው።

የፉሪዮሳ ታሪክ ይህን ያህል የጠለቀበት አንድ ምክንያት አለው። ጽሑፉ የተጻፈው ፊውሪ ሮድ ከመቀረጹ በፊት ነው። ቴሮን ከመጫወቷ በፊት የሴትየዋን የኋላ ታሪክ እንድታውቅ ተሰጥቷት ነበር። ገበያ ከተገኘ በኋላ የተለጠፈ ታሪክ አልነበረም ማለት ነው። ሲኒማ ቤት ግን አልቀናውም፤ ያስገባው ገንዘብ ከወጣበት ብዙም አልበለጠም። ይህንን የምነግርሽ የአድናቂ ፍቅርና የቲኬት ሽያጭ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ እንድታውቂው ነው።

ተቃራኒውን ከራሴ ሥራ ላሳይሽ። አንድ ጊዜ ሰው የወደዳት የአንድ ድራማ ገጸ ባሕርይ ወጣትነት ተጽፎ ለእርማት መጣልኝ። ጸሐፊዎቹ ጎበዞች ነበሩ። በዋናው ድራማ ላይ ሴትየዋ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት፣ አሮጌ የብር ቀለበት አታወልቅም፣ ቡና አትጠጣም። አዲሱ ጽሑፍ ለሦስቱም ትዕይንት ሠርቶላቸዋል። ጠባሳው ከየት እንደመጣ፣ ቀለበቱን ማን እንደሰጣት፣ ከቡና ጋር ምን እንዳጣላት። እኔም ሳርም «ጎሽ፣ ሁሉም ተገጣጠመ» ብዬ አለፍኩት። ንባብ ላይ ተዋናይቷ ጽሑፉን ጨርሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ቀለበቱ ታሪክ አለው፣ ጠባሳው ታሪክ አለው፣ ቡናውም ታሪክ አለው። እኔ ግን ምንድን ነው የምፈልገው?» አለች። ማናችንም መልስ አልነበረንም። አርባ ገጽ ውስጥ ሴትየዋ አንድም ነገር አልመረጠችም። ነገሮች ሲደርሱባት ብቻ ነው የከረመችው። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ መጀመሪያ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲመጣልኝ በመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ውስጥ ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ በእርሳስ ዳር ላይ እጽፋለሁ። የምጽፈው ካጣሁ ወደፊት አልሄድም።

አሁን ወደ አንቺዋ ሪፕሊ እንምጣ። በ1979 በወጣው ኤሊየን ላይ ሲጎርኒ ዊቨር የተጫወተቻት ሪፕሊ የኋላ ታሪክ የላትም። የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ገጸ ባሕርያቱ ወንድ ይሁኑ ሴት ተለይተው አልተጻፉም፤ ማንም ሊጫወታቸው ይችል ነበር። የት ተወለደች፣ ማንን ወደደች፣ ምን አጥታ ነው ጠፈር ላይ የወጣችው፣ አይነገረንም። ማንነቷን የምናውቀው በአንድ በር ነው። ጓደኞቿ ፊቱ ላይ ፍጡር የተጣበቀበትን ሰው ተሸክመው መርከቡ በር ላይ ቆመዋል። «ክፈቺ» ይሏታል። እሷ ደግሞ ሕጉ ሃያ አራት ሰዓት ተለይቶ መቆየት ነው ብላ አልከፍትም ትላለች። ካፒቴኑ እያዘዛት ነው፤ እምቢ ትላለች። በሩን ሌላ ሰው ከፈተው፤ ቀሪውን ታውቂዋለሽ። ያንን ትዕይንት ስናይ መጀመሪያ ልበ ደረቅ መስላን እንደነበር ትዝ ይልሻል? ፊልሙ ሲያልቅ ግን ሁሉንም ልታድን የነበረችው እሷ ብቻ እንደነበረች ገባን።

የኋላ ታሪኳ የመጣው በ1986ቱ አሊየንስ ነው፤ እሱም በረጅሙ ቅጂ ላይ። ሪፕሊ 57 ዓመት ጠፈር ላይ ተኝታ ስትንሳፈፍ ቆይታ ትመለሳለች። ስትሄድ ትንሽ የነበረች ልጇ አርጅታ፣ በ66 ዓመቷ መሞቷን ይነግሯታል። የአሮጊቷን ፎቶ ይሰጧታል። ፎቶው የዊቨር የራሷ እናት ፎቶ ነው። እናት የልጇን የእርጅና ፊት በእጇ ትዳስሳለች። አንዲት አጭር ትዕይንት ናት፤ ለእኔ ግን ከስንት የሁለት ሰዓት ፕሪኩዌል ትበልጣለች። በኋላ ሪፕሊ ኒውት የምትባለውን ልጅ ፍለጋ ወደ እሳቱ ተመልሳ ስትገባ ምን ልትመልስ እንደሄደች እናውቃለን።

አሁን የሚያምሽ ቦታ ላይ ደርሰናል፤ ሾው። በ2012 በወጣው ፕሮሜቲየስ ኑሚ ራፓስ የተጫወተቻት ኤልሳቤጥ ሾው ፍላጎቷ ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር። ማን ሠራን? ለምን? አባቷ የተዉላትን መስቀል አንገቷ ላይ አስራ ነው ይህን የምትጠይቀው። መውለድ የማትችል ሴት ናት፤ ፊልሙ ላይ ሆዷ ውስጥ ባዕድ ፍጡር ይገኛል። የቀዶ ሕክምናው ማሽን ውስጥ ልትገባ ስትል ማሽኑ የተስተካከለው ለወንድ ታካሚ ብቻ እንደሆነ ይነግራታል። ላብ በላብ ሆና፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ማሽኑ የሚገባውን ሌላ ትእዛዝ ፈልጋ ታስገባለች፤ ሆድ፣ የገባ ባዕድ ነገር። ማሽኑ ይቀበላታል። ሆዷ በብረት ተሰፍቶ ተነስታ ትሮጣለች። ፊልሙ ብዙ ጉድለት አለበት፤ ሳይንቲስቶቹ የሚሠሩት ሥራ የሚያናድድ ነው። ያ ትዕይንት ግን ንጹሕ ነው። መጨረሻ ላይም ወደ ቤት አልመለስም ብላ ሰው ሠራሽ የሆነውን የዴቪድን የተቆረጠ ጭንቅላት ይዛ የሠሩንን ፍለጋ ትበራለች። እኔም እንዳንቺው «ቀጣዩ መቼ ነው?» እያልኩ ወጣሁ።

በ2017 ኤሊየን፡ ኮቨናንት መጣ። ሾው ሞታ ነው የጠበቀችን። ዴቪድ መሞከሪያ አድርጓት፣ ሬሳዋ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እንዴት እንደሆነ ፊልሙ ውስጥ በዓይናችን አላየንም።

ለምን እንደዚያ አቆሰለን? ስለሞተች ብቻ ነው ካልሽኝ አልስማማም። በመካከል፣ በ2016፣ የስታር ዋርስ ፕሪኩዌል የሆነው ሮግ ዋን ወጥቶ ነበር። ፌሊሲቲ ጆንስ የተጫወተቻት ጂን ኤርሶ ትሞታለች። አብረዋት የዘመቱት ሁሉ ያልቃሉ። የስታር ዋርስ አድናቂ ግን ተከዳሁ ብሎ አልጮኸም፤ ፊልሙ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሁለቱም ጀግኖች ሞተዋል፤ አንዷ ላይ አለቀስን፣ ሌላዋ ላይ ተናደድን።

የሮግ ዋን አነሳስ ራሱ ደስ ይላል። በ1977ቱ ፊልም መግቢያ ጽሑፍ ላይ ሰላዮች የዴዝ ስታርን ንድፍ ሰረቁ የሚል አለ። ከዚያ አረፍተ ነገር ነው ሙሉ ፊልም የተሠራው። ሐሳቡን ያመጣው ጆን ኖል የተባለ የእይታ ውጤት ባለሙያ ነው። አድናቂዎች ደግሞ ለአርባ ዓመት ያህል ሲጠይቁት የኖሩት ነገር ነበር፤ ፕላኔት የሚያጠፋ መሣሪያ እንዴት አንዲት ቀዳዳ ብትመታ ይፈነዳል? የሞኝ ንድፍ ነው ይሉ ነበር። ሮግ ዋን ቀዳዳዋን የሠራት የጂን አባት ነው አለ። ከልጁ ነጥለው፣ አስገድደው ሲያሠሩት ሆን ብሎ የተዋት ድክመት ናት። ጂን በመጨረሻ ማኅደር ቤት ገብታ ንድፉን ስትፈልግ የፋይሎቹ ስም ይነበብላታል። ከመካከላቸው አንዱ «ስታርደስት» ይላል፤ የኮከብ ብናኝ። አባቷ በልጅነቷ የሚያቆላምጣት በዚያ ስም ነበር። ፋይሉን ያገኘችው ለዚህ ነው። የንድፍ ስህተት ሲባል የኖረው የአባት ፍቅር ሆኖ ተገኘ። ይህም ከፉሪዮሳ ካርታ ጋር አንድ ዘር ነው።

ጂን ስትሞት ንድፉን ልካ ነው። የመረጠችውን መርጣ፣ ከጓደኛዋ ጋር ተቃቅፋ፣ ባሕር ዳር ተቀምጣ ነው። ሁሉንም በዓይናችን አይተናል። ሾው ግን ጥያቄዋን ይዛ ወጣች፤ ጥያቄዋ ከእሷ ጋር ከበስተጀርባ ተቀበረ። «ማን ሠራን?» ብላ የሄደች ሴት ምን መልስ አገኘች? ምን መረጠች? ፊልሙ ውስጥ የለም። ለዌንዲ ስትሰጊ ሞቷን አትፍሪ። የጀመረችው ነገር እኛ በሌለንበት እንዳያልቅ ፍሪ።

ስለ ጂን እውነቱን ልናገር ግን። በፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ሌሎች የሚጎትቷት ልጅ ናት። ፍላጎቷ ቶሎ አይያዝም። የአድናቂ ተስፋ እንዴት እንደሚሠራ የተማርኩትም ከእሷ ነው። በ2016 መጀመሪያ የወጣው ትሬለር ላይ አዛዦቹ ፊት ቆማ «ይህ አመፅ ነው አይደል? እኔ አምፃለሁ» የምትል ዓይነት ንግግር ነበረች። ሰው ወደዳት። በዚያች አንዲት መስመር ላይ ሙሉ ጀግና ገነባ። ፊልሙ ሲወጣ ንግግሯ የለችም። በዚያው ዓመት ብዙ ትዕይንት እንደገና ተቀርጾ ነበርና ከትሬለሩ ብዙ ነገር ቀረ። ስለዚህ ትሬለር አይተሽ ልብሽን ሙሉ በሙሉ አትስጪ። ትሬለር የሚቆረጠው ፊልሙ ገና በእጅ ላይ እያለ ነው።

ፕሬይንም ካላየሽው እይው። የ2022 ፊልም ነው፤ የፕሬዴተር ፕሪኩዌል። ዘመኑ 1719 ነው፣ ጀግናዋ ናሩ የምትባል የኮማንቼ ልጅ ናት፤ ተዋናይቷ አምበር ሚድተንደር። የምትፈልገው ግልጽ ነው፤ አዳኝ መባል። መጀመሪያ አካባቢ ረግረግ ውስጥ ትሰምጥና ገመድ የታሰረበትን መጥረቢያዋን ወርውራ ትወጣለች። መጨረሻ ላይ ጭራቁን ስባ የምታስገባው እዚያው ረግረግ ውስጥ ነው። ሊገድላት የነበረውን ነገር መሣሪያዋ አደረገችው። ተዋናዮቹ ራሳቸው ሙሉውን ፊልም በኮማንቼ ቋንቋ ደግመው ስለተናገሩት በዚያ ቋንቋም ማየት ይቻላል። እኔ እንደዚያ ነው ያየሁት። ቋንቋዋን የሚናገሩት ሰዎች ጥቂት የሆኑ ልጅ በራሷ አፍ ጭራቁን ስታስፈራራ መስማት ሌላ ነገር ነው።

አሁን ዌንዲ።

መጀመሪያ መልካሙን። ሲድኒ ቻንድለር የምትጫወታት ዌንዲ በሞት አፋፍ ላይ የነበረች ልጅ ናት። አንድ ኩባንያ የልጅቷን አእምሮ ሰው ሠራሽ የአዋቂ አካል ውስጥ ይከተዋል። ስሟ ማርሲ ነበር፤ አሁን ዌንዲ ሆነ። ወንድሟ ሞታለች ብሎ አልቅሶ ቀብሯታል። እሷ ከሩቅ ሆና በስክሪን ታየዋለች። ፍጡሩን የጫነ የጠፈር መርከብ ከተማው ላይ ወድቆ ወንድሟ እዚያ ውስጥ መግባቱን ስታውቅ ካልሄድኩ ትላለች። የወረቀት መቁረጫ ስለት እንደ ጎራዴ ይዛ ጭራቁ ያለበት ሕንፃ ውስጥ የምትገባው ለወንድሟ ነው። ፍላጎቷን በእርሳስ ለመጻፍ አሥር ገጽ እንኳ አልፈጀብኝም። ጭራቁ ባይኖርም የሚቆም ታሪክ አላት።

ሌላም አለ። በ1979ቱ ፊልም ሰው ሠራሹ አሽ የሪፕሊ መርከብ ባለቤት የሆነው ኩባንያ እጅ ነው፤ በሩን የከፈተውም እሱ ነበር። አሁን ሰው ሠራሽ አካል ያላት እሷ ጀግናችን ሆናለች። አካሏ የሠራት ኩባንያ ንብረት ነው፤ ልቧ የአንዲት ልጅ ነው። ሪፕሊ ያለፈ ታሪክ ስላልነበራት ወደድናት። ዌንዲ ደግሞ ካለፈ ታሪኳ በቀር የራሷ የምትለው ምንም የላትም፤ ሥጋዋ እንኳ የእሷ አይደለም። የተከታታዩ ጸሐፊ ኖዋ ሃውሊ ሪፕሊን እንደገና ለመጻፍ አለመሞከሩን እወድለታለሁ።

የሚያሰጋኝን ደግሞ ልንገርሽ። ዌንዲ ኃይሏ ቶሎ ቶሎ ያድጋል። ማሽኖችን ታዛለች። ከፍጡሩ ጋር ትነጋገራለች። በመጨረሻው ክፍል እሷና ጓደኞቿ አዋቂዎቹን ቆልፈውባቸዋል። እኔም በልጆቹ ደስ ብሎኛል፤ ግን ፍርሃቴ ቀነሰ። ሪፕሊ በ1979 የነበራት አንድ ሕግ፣ አንዲት ድመትና የጠፈር ልብስ ነው። ጭራቁ የሚታዘዝላት ጀግና ምን ልታጣ ትችላለች? ቀጣዩ ሲዝን ይህንን ካልመለሰ እቸገራለሁ። ለእኔ መልሱ ያው ወንድሟ ጋ ነው። ኃይሏ በጨመረ ቁጥር እሱ የሚያውቃት እህቱ እየራቀች ነው፤ እሱም ያስተውላል። ዋጋው እዚያ ላይ ይከፈል ዘንድ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጓደኞችሽ «መጨረሻው ታውቋል» ሲሉሽ ደግሞ መጨረሻው ምን እንደሆነ ጠይቂያቸው። ተከታታዩ የሚሆነው በ2120 ነው፤ የሪፕሊ መርከብ ኖስትሮሞ ደግሞ በ2122። ሁለት ዓመት ብቻ። ኖስትሮሞ ላይ ከአሽ በቀር ያሉት ስድስት ሰዎች ስለዚህ ፍጡር የሰሙት ነገር የለም። የመርከቡ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ግን ልዩ ትእዛዝ 937ን አስቀምጧል፤ ፍጡሩ ይምጣ፣ ሠራተኞቹ ቢያልቁም ይለቁ የሚል። ስለዚህ አንድ ነገር በእርግጥ እናውቃለን። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ ጉድ ይዳፈናል። ከተማ ላይ መርከብ ወድቆ፣ ያ ሁሉ ሰው አልቆ፣ ሪፕሊ ጆሮ አይደርስም። ዌንዲ የምትባል ሰው እንደነበረች ማንም አያነሳም።

ብዙ አድናቂ ይህንን እንደ ስህተት ይቆጥረዋል፤ «ታዲያ ሪፕሊ እንዴት አላወቀችም?» ይላል። እኔ እንደ ፉሪዮሳ እጅ ነው የማየው። ዝምታው እንደሚመጣ እናውቃለን። ዝምታውን ማን አመጣው? ኩባንያው ብቻ ከሆነ ተራ ነገር ነው፤ ኩባንያ ሁልጊዜ ይደብቃል። ዌንዲ ራሷ ከመረጠችውስ? ወንድሟን ለማትረፍ ወይም እንደ እሷ ያሉትን ልጆች ለመሸሸግ ስሟ እንዲጠፋ ብትፈቅድስ? ያን ጊዜ 1979ን ስናየው፣ ሪፕሊ በሩ ላይ ቆማ እምቢ ስትል፣ ከእሷ በፊት ሌላ ልጅ የከፈለችው ነገር እንዳለ እያወቅን ነው የምናየው። እንደዚህ ይጽፉታል እያልኩሽ አይደለም። በእኔ በኩል የምመኘው ግን ይሄንን ነው፤ የተዘጋጀ ቦታም አለው።

አንድ ትንሽ ነገር ልስጥሽ፤ ቀጣዩን ስታይ ጆሮሽን ጣል አድርጊበት። ወንድሟ ማርሲ ይላታል። አካሏን የሠራው ኩባንያ ዌንዲ ይላታል። ሁለቱም ስሞች የሌላ ሰው ፍላጎት አለባቸው፤ አንዱ የሞተችውን ልጅ ይፈልጋል፣ ሌላው ዕቃውን። በጭንቅ ሰዓት፣ ጭራቁም ወንድሟም ባሉበት፣ አንዱ በስሟ ሲጠራት የትኛው ላይ ዞር እንደምትል ተመልከቺ። ወይም በሁለቱም ዞር ካላለች። ያየሽ ዕለት ጻፊልኝ፤ እኔም እርሳሴን ይዤ ቁጭ ብዬ ነው የማየው።